ስለት፣ ዱዓ እና «ማኒፌስት»፦ ተመኝቶ ማግኘት አለ ወይ?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ስለሚገናኙ አብረን አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚገልጽ ነገርም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሥራ ግን የለም። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላልኛለች። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ይዛ «ማኒፌስት አድርጊ፣ ሥራውን እንዳገኘሽ ሆነሽ አስቢ፣ ዩኒቨርስ ራሱ ያመጣልሻል» ትለኛለች። ደስ ስለሚለኝ በየማታው ደብተር ላይ «ባንክ ውስጥ እየሠራሁ ነው፣ ደመወዜ ጥሩ ነው» እያልኩ እጽፋለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሙስሊም ናት። ሱብሂ ተነስታ ትሰግዳለች፣ ዱዓ ታደርጋለች፣ ከዚያ ሲቪዋን ይዛ ትወጣለች። ባለፈው ወር ሥራ አገኘች። ጸሎትና ምኞት በእውነት ሕይወትን ይቀይራሉ? ወይስ ራሳችንን እያታለልን ነው? (ከጀሞ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጸሎት ሕይወትን ይቀይራል ብዬ አምናለሁ። ምኞት ብቻውን ግን አይቀይርም፤ ሲበዛ እንዲያውም ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ደብተር እንየው።

ጋብሪኤለ ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ያንቺን ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረባዋ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ጀርመን ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ሥራ ለመፈለግ የተነሱ ወጣቶችን ሁለት ነገር ጠይቃቸው ነበር። አንደኛው፣ ሥራ የማግኘት ዕድላችሁ ምን ያህል ይመስላችኋል? ሁለተኛው፣ ሥራ አግኝታችሁ ደስ ሲላችሁ በሐሳባችሁ የሚታያችሁ ምን ያህል ጊዜ ነው? ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ አየቻቸው። አዘውትረው ደስ የሚለውን ሲያልሙ የነበሩት ያመለከቱበት ቦታ አነስተኛ ነበር፣ የቀረበላቸው ሥራም አነስተኛ ነበር፣ ደመወዛቸውም ዝቅ ያለ ነበር። «ዕድሌ ጥሩ ነው» ብለው የጠበቁት ግን የተሻለ ሆነላቸው።

ይሄ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆይ ልበል። ጥሩ ነገር መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ ጥሩውን በሐሳብ እየኖሩ ማሳለፍ ሌላ ነገር ነው። የሚጠብቅ ሰው መሠረት አለው። «ኮርሱን በደንብ ነው የጨረስኩት፣ ባለፈው ፈተና ለትንሽ ነው ያለፈኝ፣ ስለዚህ ይሆናል» ይላል። በሐሳቡ ያገኘ ሰው ግን ነገ ጠዋት ለምን ይነሳል? ይሄን ደግሞ በሰውነት ላይ ለክተውታል። ኦቲንገን ከሌላ ባልደረባዋ ጋር በ2011 ባወጣችው ሥራ፣ ወደፊት የሚሆነውን አሳምረው እንዲያስቡ የተደረጉ ሰዎች የላይኛው የደም ግፊታቸው ወርዶ ተገኝቷል። ሰውነት ደርሻለሁ ብሎ ዘና ይላል ማለት ነው። ለእንቅልፍ ጥሩ ነው። ሥራ ፍለጋ ለሚወጣ ሰው ግን ያ መነቃቃት ያስፈልገዋል። አንቺም ደስ ስለሚለኝ እጽፋለሁ ብለሻል። ደስታውን አምንሻለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው፣ የነገን ደስታ ዛሬ ማታ በልተሽው ታድሪያለሽ።

ጓደኛሽ የነገረችሽ ነገር ደግሞ ምንጩ ቢታወቅ ጥሩ ነው። «እንዳለሽ ሆነሽ አስቢ» የሚለው ትምህርት ቲክቶክ ላይ አልተወለደም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ፣ ሜይን በሚባለው ግዛት፣ ፊኒያስ ኩዊምቢ የተባለ ሰዓት ሠሪ ነበር። በሽታ የሚመጣው ከተሳሳተ እምነት ነው፣ እምነቱ ሲታረም ሰውየው ይድናል እያለ ሰው ያክም ነበር። ከእሱ በኋላ የተነሱት ሐሳቡን ከጤና ወደ ገንዘብና ወደ ስኬት አዞሩት፣ «የመሳብ ሕግ» የሚባለውም ከዚያው ሰፈር መጣ። እኔን የሚያስከፋኝ ሌላው ጎኑ ነው። ሐሳብሽ ነው የሚያመጣልሽ ከተባለ፣ ያላገኘሽውም ሐሳብሽ ተበላሽቶ ነው ማለት ነው። ይሄ ውሸት ነው። በየዓመቱ የሚመረቀው ብዙ ነው፣ የሚከፈተው ቦታ ጥቂት ነው፣ «0 ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ የሚሰለፈውን ራስሽ ታውቂዋለሽ፣ ሰው ያለው ደግሞ ይቀድማል። ሁለት ዓመት የቆየሽው በሐሳብሽም በእምነትሽም ጉድለት አይደለም።

እሺ፣ ጸሎትስ? ጸሎትንም ለመለካት የሞከሩ አሉ። ትልቁ ሙከራ በሐርቫርዱ ሐኪም በኸርበርት ቤንሰን የተመራው ነው፤ ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ። ስድስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 1,802 ሰዎች ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ይጸለይልሃል ተብሎ ተነገረው፣ ተጸለየለትም። ሁለቱ ቡድኖች ሊጸለይላችሁም ላይጸለይላችሁም ይችላል ተባሉ፣ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ተጸለየ። የሚጸልዩት ሕመምተኛውን አያውቁትም። የተሰጣቸው የመጀመሪያ ስሙና የአባቱ ስም አንድ ፊደል ነው፤ ለ14 ቀን «ቀዶ ሕክምናው እንዲሳካ፣ ቶሎ እንዲያገግም፣ ችግር እንዳይገጥመው» እያሉ ጸለዩ። ሳያውቁ ከተጸለየላቸው 52 በመቶው አንድ ዓይነት ችግር ገጠማቸው። ካልተጸለየላቸው ደግሞ 51 በመቶው። እንደሚጸለይላቸው ካወቁት ግን 59 በመቶው። ለምን በለጠ ለሚለው አጥኚዎቹ ግምት ነው ያላቸው፤ «ይሄን ያህል የሚጸለይልኝ ብሶብኝ ይሆን» ብለው ተጨንቀው ሊሆን ይችላል።

ይሄን ያየ «በቃ፣ ጸሎት አይሠራም» ይላል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። እዚያ የተለካው፣ የማያውቅህ ሰው ስምህን ከወረቀት አንብቦ በታዘዘው ቃል ሲጸልይ ሆስፒታል ውስጥ የሚታይ ለውጥ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። የእያንዳንዱ ሕመምተኛ እናት፣ ሚስት፣ ጎረቤት ቤታቸው ሆነው የጸለዩትን ማን ከለከለ? እግዚአብሔርስ በቡድን ተከፍሎ ይፈተናል? አንድ ነገር ግን ከዚህ ጥናት ብንወስድ ይጠቅመናል። ጸሎትን ቁልፉን ሲጫኑት ዕቃ እንደሚጥል ማሽን ለሚያስተምሩን ሰዎች፣ ሃይማኖት ለብሰውም ይምጡ በቲክቶክ፣ ጆሮ መስጠት ማቆም አለብን።

ታዲያ ጸሎት ምን ይቀይራል? መጀመሪያ የሚቀይረው የሚጸልየውን ሰው ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 23 ሰዎች በመቁጠሪያ የሚደገመውን የካቶሊኮች የማርያም ጸሎት በላቲን ሲደግሙ ተከታተሏቸው። ትንፋሻቸው ረጋ ብሎ በደቂቃ ወደ ስድስት ወረደ፣ የልብና የደም ሥር አሠራራቸውም ተሻሽሎ ታየ። እኛ ጋ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ የሚሉ እናቶች፣ ከሰላት በኋላ «ሱብሓነላህ» 33 ጊዜ የሚሉ አባቶች፣ ጨርሰው ሲነሱ ፊታቸውን አይተሽ ታውቂያለሽ? ሲቀመጡ የነበረው ፊት አይደለም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የሐና ታሪክ ለዚህ ይመቸኛል። ልጅ አጥታ፣ ጣውንቷ እያበሸቀቻት፣ ምግብ አልወርድ ብሏት መቅደስ ገብታ ታለቅሳለች። ድምጿ አይሰማም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ይገሥጻታል። ልብ በይ፣ እሷም እንደ እናትሽ ስለት ነው የተሳለችው። ጸሎቷን ጨርሳ ስትሄድ በላች፣ ፊቷም ከዚያ በኋላ አዘንተኛ አልሆነም ይላል። ይሄ የሆነው ገና ሳታረግዝ ነው! ሳሙኤል አልተወለደም፣ ጣውንቷም እዚያው ናት፣ የተቀየረችው ሐና ናት። ተነስታ የበላችው ሐና ናት።

ነህምያን ደግሞ እዪው። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ ይላል፣ እዚያው ቆሞ። ቀጥሎ ግን የጠየቀው ነገር ሁሉ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ጥያቄ ነው። ለገዢዎች የማለፊያ ደብዳቤ፣ ለደን ጠባቂው የእንጨት ማዘዣ፣ የሚቆይበት ጊዜ። በኋላም ጠላት ሲከባቸው «ጸለይን፣ ሌሊትና ቀንም ጠባቂዎች አቆምን» ይላል። አብራሽ ያለችው ልጅ የምታደርገውም ይሄንኑ ነው። ነቢዩ ሙሐመድን አንድ ሰው «ግመሌን አስሬ ነው በአላህ የምመካው ወይስ ለቅቄ?» ብሎ ቢጠይቃቸው «እሰራትና ተመካ» ማለታቸውን የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ ዘግቧል። አብራሽ የምትኖረው ልጅም በሱብሂ ተመካች፣ ከዚያ ሲቪዋን ይዛ ወጣች። ሥራ ለማግኘቷ ዱዓዋ ይሁን፣ እግሯ ይሁን፣ አጋጣሚው ይሁን ለይቼ ልነግርሽ አልችልም። እሷም ብትጠየቅ የምትለይ አይመስለኝም፣ መለየትም የምትፈልግ አይመስለኝም።

የእናትሽን ስለት በተመለከተ፣ እባክሽ አታቃልይው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ዳገቱን ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ፣ ጃንጥላና ጧፍ የያዘ አለ፣ በግ የሚጎትት አለ፣ በስለት ያገኘችውን ሕፃን አዝላ ክርስትና ልታስነሳ የመጣች አለች። ማንም ባዶ እጁን አይወጣም። ስለት ከምኞት የሚለይበትም አንዱ ይሄ ነው፤ የሚሳል ሰው «ስጠኝ» ብቻ አይልም፣ እኔም ይሄን አደርጋለሁ ብሎ ራሱን ያስራል። እናትሽ ሥራ ልትሰጥሽ አትችልም። የምትችለውን አደረገች፣ ስምሽን ይዛ ቆመችልሽ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የታኅሣሡ በዓል የሚከበረው መልአኩ ሦስቱን ወጣቶች ከእቶን እሳት ያዳነበትን በማሰብ ነው፤ ወጣቶቹ ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለናቡከደነፆር ያሉት በትንቢተ ዳንኤል ተጽፏል። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም ነው ያሉት። ስለቱ የሚሳልበት በዓል ራሱ «ባያድነንም» የሚል አለበት። እናትሽ ይሄን ከእኔ በላይ ሳያውቁት አይቀሩም። ስለዚህ ስለቱ ባይደርስ አፍራለሁ ብለሽ አትጨነቂ።

አሁን ወደ ደብተርሽ። አትጣይው፣ አጻጻፍሽን ቀይሪ። የምትፈልጊውን ሥራ በአንድ መስመር ጻፊ። ወዲያው ከሥሩ፣ እዚያ እንዳትደርሺ የያዘሽን ነገር ጻፊ፣ በአንቺ በኩል ያለውን ማለቴ ነው። ማስታወቂያው ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ይጠይቃል፣ አንቺ ደግሞ ከግቢ ከወጣሽ ወዲህ አልነካሽውም? ለጽሑፍ ፈተና ተጠርተሽ ፈርተሽ የቀረሽበት ቀን አለ? «እዚያ ያለ ዘመድ አይገባም» ብለሽ ሳታመለክቺ ያለፍሽው? ኦቲንገን በሙከራዎቿ ያገኘችው ይሄንን ነው፤ ምኞቱንና እንቅፋቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ወይ ይንቀሳቀሳል ወይ ምኞቱ እንደማይሆን ዐውቆ ሌላ ይይዛል፣ ሁለቱም ትርፍ ነው። ባለቤቷ ፒተር ጎልዊትዘር ደግሞ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለውን አወሳሰን ነው ያጠናው። 94 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ መቼና የት እንደሚያደርጉት አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ላደርግ አስቤያለሁ ብቻ ካሉት በግልጽ ይበልጣሉ። ያንቺ ለምሳሌ «ጠዋት ቁርስ እንደበላሁ፣ ቲክቶክ ከመክፈቴ በፊት፣ ሁለት ቦታ አመለክታለሁ» ሊሆን ይችላል።

ጸሎትሽንም እዚያው ደብተር ላይ አድርጊው። «ሥራ ስጠኝ» ማለት አይከለከልም፣ በይ። ግን ደግሞ የጻፍሽውን እንቅፋት በስሙ ጠርተሽ ለምኚ። ለፈተናው ድፍረት ስጠኝ፣ እንቢ ሲሉኝ ተስፋ ቆርጬ ሦስት ቀን አልጋ ላይ እንዳልቀር አድርገኝ፣ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሥራ በማግኘቷ እንዳልቀና አድርገኝ በይ። እንደዚህ ያለ ጸሎት ሲመለስ ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄን በሕመም ካጣሁ ዓመት ሊሆን ነው። ሲታመም ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም አብረውኝ ሌሊት ጸለዩ። ከቀብሩ በኋላ አንድ አገልጋይ «እምነትሽ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጸለይ አቃተኝ። ልጄን ያጣሁት እኔ ስለተጠራጠርኩ ነው? ንገሩኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። አይደለም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ያ ሰው የተናገረው ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም፤ በመጽሐፉ ልንገርሽ፣ እሱም በመጽሐፉ ስለመጣብሽ። ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ኃጢአት ሠራ? እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ ኢየሱስ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ነው የመለሰላቸው። ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ። አልራቀለትም። የተባለው «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው። የጳውሎስ እምነት አንሶ ነበር የሚል ሰባኪ እስካሁን አልሰማሁም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ ብሎ ጸለየ፣ ጽዋው አላለፈም። ታዲያ አንቺ ሕፃን ልጅሽ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ፣ አንድ ደቂቃ «ባይድንልኝስ?» ብለሽ ብትፈሪ፣ በዚያች ደቂቃ ምክንያት ነው እግዚአብሔር ልጅሽን የነሳሽ? እንደዚህ ያለ አምላክ እኔ አላውቅም።

ሰው እንደዚህ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚፈራ ይመስለኛል። ያንቺ ጸሎት ሳይመለስ ከቀረ የእሱም ሊቀር ነው፤ ያንን መሸከም ሲያቅተው ምክንያቱን አንቺ ላይ ይጥለዋል፣ እሱ ይቀለዋል፣ አንቺ ትከብጂያለሽ። ምክንያቱ ይሄ ቢሆንም ይቅር የሚባል ነገር ነው ብዬ አላለዝበውም። ለቅሶ ቤት የሚባል ነገር አይደለም። ከቻልሽ ለምታምኚው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ንገሪ፣ ነገ ለሌላ እናት እንዳይደግመው። ካልቻልሽ ግዴታ የለብሽም።

ስለ መጸለዩ፣ ራስሽን አታስገድጂ። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያለው ሁሉ ምስጋና አይደለም፣ ብዙው «እስከ መቼ?» የሚል ነው፣ «ለምን ተውከኝ?» የሚል ነው። መዝሙር 88ን ካነበብሽው የሚያልቀው ጨለማ ላይ ነው፤ ማንም «ግን» ብሎ አላሳመረውም፣ እንደዚያው ጸሎት ተብሎ ተቀምጧል። አፍሽን ሞልቶ የሚመጣው ቁጣ ብቻ ከሆነ ቁጣሽን ንገሪው። እሱም ካልመጣ እነዚያ ሌሊት አብረውሽ የጸለዩት ሰዎች ይጸልዩልሽ፣ አንቺ ዝም በይ። ሐዘኑ እህል እስከመከልከል፣ እንቅልፍ እስከመንሳት፣ መኖር እስከማስጠላት ከደረሰ ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ለቅርብ ሰው ንገሪና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ። ይሄም እምነት ማጣት አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። አሁን ጸበል ገብታለች። አብረዋት ያሉ ጸበልተኞች «መድኃኒት እየወሰዱ ጸበል መጠጣት እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው» ብለዋት መርፌውን ካቆመች ሁለት ቀን ሆናት። ስነግራት «አንተ ዘመናዊ ሆነሃል» ትለኛለች። ጸሎቷን መቃወም አልፈልግም። ምን ላድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄንን ስታነብ ገና ካልሄድክ አሁን ተነስና ሂድ። ኢንሱሊን ድንገት ማቆም በቀናት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ብዙ ውኃ ከጠማቸው፣ ሽንት ካመላለሳቸው፣ ካስመለሳቸው፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ትንፋሻቸው እንደ ፍራፍሬ ከሸተተ ለክርክር ጊዜ የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ምልክት ባይኖርም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይለኩ። በራስህ ውሳኔ ግን የድሮውን መጠን አትውጋቸው። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፣ ብዙዎቹ ደግሞ እስከ ከሰዓት ይጾማሉ፤ ባልበላ ሰው ላይ ኢንሱሊን ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል፣ ያም ይገድላል። መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር እንደገና አስተካክሉ፤ እናትህ ኪስም ሁልጊዜ ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር።

እናትህን «ጸበል ይቅርብሽ» አትበላቸው። አይሰሙህም፣ እኔም አልደግፍህም። ይልቅ በሚያምኑት ቋንቋ አናግራቸው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ እያለቀሰ ሲጸልይ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ይሄን ታሪክ እናትህ ያውቁታል። ቀጥሎ ያለውን ግን ሰው ይረሳዋል። ያው ነቢዩ ኢሳይያስ «የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ» አለ፣ አመጡና በቁስሉ ላይ አደረጉለት፣ ዳነ። ጸሎቱን የሰማው አምላክ መድኃኒቱንም አዘዘ። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ምዕራፍ 38 ላይ በግልጽ ይናገራል። ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም፤ ስትታመም ጸልይ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይላል።

ይሄ ክርክር በአገራችን አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ እንጦጦ ማርያም ጸበል የገቡ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን ጥለው ነበር። በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። መድኃኒቱን ጥሎ መቆየት ስንት ሰው እንዳሳጣን የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። አሁን የእናትህ አጠገብ ሆነው የሚናገሩት ጸበልተኞች ከፓትርያርክ በላይ ሥልጣን የላቸውም።

ከአንተ ይልቅ የሚሰሟቸው የነፍስ አባታቸውን ነው። ዛሬ ደውልላቸው፣ ችግሩን በደንብ አስረዳቸው፣ ከተቻለም አብረውህ ይሂዱ። ሕመምተኛን ከጾም መፍታት የነፍስ አባት ሥልጣን ነው። እሳቸው «መርፌውን ውጊ፣ በልተሽ ዋይ፣ ጸበሉንም ጠጪ» ካሏቸው ነገሩ ያልቃል። የጸበሉን አስተዳዳሪም አናግር፣ ኢንሱሊኑን ከፀሐይ ራቅ ያለ ቀዝቃዛ ቦታ የሚያስቀምጡበት ነገር ይፈልጉላችሁ። ስትደርስ ደግሞ ገና ከበር በክርክር አትጀምር። ጫማህን አውልቀህ አብረሃቸው ጸልይ፣ ጸበሉንም ጠጣ፣ ከዚያ የስኳር መለኪያዋን አውጥተህ «ጣትዎን ይስጡኝ» በላቸው።